ዘንድሮ ያልከረከምኋት ጽጌረዳ

ሰኔ 12፣ ሚካኤል፣ 1974

ይህን ደብተር የሰጡኝ በመሠረተ ትምህርት ፊደል እንድለማመድበት ነው። ፊደል ግን ድሮ አውቃለሁ፤ የስኳርና የበርበሬ መጠቅለያ እያነበብሁ የለየሁት ነው። «መሃይም» በሚለው ረድፍ ጻፉኝ፣ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ሀ ሁ ብለው ሲጨርሱ ደብተሩ ባዶውን ቀረ። እንግዲህ የኔ ነው።

ዛሬ ጓድ ክንዱ መጣ። የቀበሌያችን የጽዳትና የውበት ኮሚቴ ኃላፊ ሆኗል። ለአብዮት በዓል እንግዶች በጀልባ ስለሚመጡ፣ ከሐይቁ በኩል የሚታየው ጓሮ ሁሉ ማማር አለበት አለ። የእሾህ አጥር ይነቀላል፣ ሽቦ ይተከላል፣ ድንጋዩ ኖራ ይቀባል። እኔ ጓሮ ሲደርስ ቆመ።

«ይኼ ምንድን ነው፣ እትየ የሺ?»

«ጽጌረዳ።»

«አበባው የታለ?»

«ይመጣል።»

ባንቺአየሁ ከኋላው ነበረች። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፣ አሁን የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ። ሳቀች። «ሦስት ዓመት ሙሉ ይመጣል፣ ይመጣል! ጓድ፣ ይኼ እኮ ቀጋ ነው። የዱር እሾህ!»

ክንዱ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጫረ። «ጽጌረዳ ከሆነ አበባ ነውና ይቀራል። ቀጋ ከሆነ ይነቀላል። ለበዓሉ እናያለን።»

ሲወጣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመከርከሚያ መቀስ አየና ለዘመቻው ይፈለጋል ብሎ ወሰደው። የባሌ የቢያዝን መቀስ ነው። ቢያዝን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ከተቀመጠበት አልተነሣም።


ሰኔ 21፣ ማርያም

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከሥር ከመሠረቱ ልጻፈው።

ቢያዝን አትክልተኛ ነበር። ሐይቁ ዳር ባለው የእንግዳ ማረፊያ ያለው አበባ ሁሉ የሱ እጅ ነው። ለቅሶ ቤት እንኳ ገብቶ ሰው የሚያስቅ ሰው ነበር። አረንጓዴ ዘመቻ ሲመጣ የአበባውን መደብ ገልብጠህ ጎመን ዝራበት አሉት። ዘራ። ጎመኑ ቀጨጨ። ለምን ብለው በስብሰባ ሲጠይቁት «ጎመን በመፈክር አይበቅልም፣ ፍግ ይፈልጋል» አለ። ሰው ሳቀ። በሳምንቱ ወሰዱት።

ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ከመታሰሩ በፊት ጓሯችን ጫፍ ላይ አንዲት ቀይ ጽጌረዳ አዳቅሎ ተክሎልኝ ነበር። በታሰረ በጥቂት ወር ላይኛው ክፍሏ ደረቀ። ደረቁን ቆርጬ ጣልሁ፣ ውሃ አጠጣሁ፣ አለቀስሁ። ከዚያ ከሥሯ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ብቅ አለ። ከሞት ተነሣች ብዬ ብቻዬን እልል አልሁ። እሱ ሲያደርግ እንዳየሁት በየዓመቱ ሐምሌ ላይ አጥብቄ ከረከምኋት። እሷም በየዓመቱ እየተናደደች ወጣች፤ ዛሬ ጓሮውን ከዳር እስከ ዳር አጥራዋለች።

እሑድ እሑድ ስንቅ ሳደርስ ዘበኛው አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያቀብልልኝ። እኔም አንድ ቃል አቀብል ነበር፤ «ጽጌረዳህ ደህና ናት።» እሱም «ውሃ አታብዢባት» ብሎ ይመልስልኛል። እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት።

የካቲት ላይ ተፈታ። ቤት ሳይገባ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደ። ቅጠሏን ነካ፣ እሾኋን ነካ፣ ጎንበስ ብሎ ሥሯን አየ። ከዚያ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየና «በጣም ተንከባክበሻታል፣ የሺ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል የረዘመ ቃል ከአፉ አልወጣም። «እህ።» «ይበቃል።» «በሩን ዝጊው።» በቃ። አፈር አይነካም። ከግቢው አይወጣም። ስታብብ ይሻለዋል እላለሁ። ቀዩን ሲያይ ይሻለዋል።


ሐምሌ 5፣ አቦ

ጀሊላ ወረቀት አመጣችልኝ። የማዕዘኑ ሱቅ የባሏ የዓብደላ ነው። እሱ በአሮጌ መጽሐፍ ገጽ ዕቃ ይጠቀልላል፣ እሷ ስለ ተክል የሚያወራውን ገጽ ለኔ ትደብቅልኛለች። የዛሬው ግማሹ የተቀደደ፣ በርበሬ የነካው ነው። ከአንድ የፈረንጅ መጽሐፍ የተተረጎመ ይመስላል። «ከሥር የሚያቆጠቁጠው የዱር ቅርንጫፍ በአንዱ ዘንግ ሰባት ቅጠል ሲኖረው፣ የተዳቀለው ጽጌረዳ አምስት ነው» ይላል። ቀሪው የለም።

ነጠላዬን ተከናንቤ በዝናቡ ወጣሁ። አምስት! ጮኽሁ። ቀጥሎ ያለው ዘንግ ሰባት። ከሱ ቀጥሎ አምስት። እዚያው አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሁለቱም አለ።

ይህች ተክል ወረቀቱን አላነበበችም።

ጀሊላ በሩ ላይ ቆማ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «ወላሂ፣ አንቺ ሴትዮ! ቅጠል ከምትቆጥሪ ባልሽን አትጠይቂውም? ሙያው የሱ አይደል?»

«ጠየቅሁት።»

«ምን አለሽ?»

«ዝናብ ነው፣ ግቢ አለኝ።»

አምስቱን ጻፍሁ። ሰባቱን ተውሁት።


ሐምሌ 19፣ ገብርኤል

የባንቺአየሁ አጥር ተነቀለ። በግራ ያለውም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም። ራሷ ዶማ ይዛ አብራ ነቀለች፣ እየዘፈነች። የኔ ብቻ ቆሟል፤ ጥርሱ ባለቀ ድድ ላይ እንደ ቀረች አንዲት ጥርስ።

ቦኖው ላይ ሰማሁ፤ «ባሏን አስረውባትም አልበቃትም።» ማን እንዳለችው አላየሁም። ዞሬም አላየሁ። እንስራዬን ሞልቼ መጣሁ።


ሐምሌ 27

የመከርከሚያው ጊዜ እያለፈ ነው። መቀሱን ልጠይቅ ቀበሌ ሄድሁ። ክንዱ «ዘመቻ ላይ ነው» አለኝ። መቀሱ ዘመተ።

በወጥ ቤት ቢላ ልጀምር ስል ቢያዝን ከበረንዳው «ተያት» አለ።

«ካልተከረከመች አታብብም እኮ።»

«ዘንድሮ ተያት።»

ተውኋት።


ነሐሴ 8፣ ፍልሰታ

ጉማሬ ገባ!

ድሮም ክረምት ሲሆን ሌሊት ከሐይቁ ይወጣ ነበር፣ ግን አጥሩ ይመልሰዋል። አሁን አጥር የለም። ጠዋት የነቃሁት በባንቺአየሁ ጩኸት ነው። «ጎመኔን! ወየው ጎመኔን!» ሽቦውን እንደ ክር ረግጦት አልፏል። የሷን ጨርሶ፣ ዳር ላይ ያለውን የቀበሌውን የዘመቻ ጎመን ጨርሶ፣ «ምርታችንን እናሳድጋለን» የሚለውን ሰሌዳ ጭቃ ውስጥ ተኝቶበት ሄዷል።

ዱካውን ተከተልሁ። እየሰፋ፣ እየሰፋ እኔ ጓሮ ድረስ መጥቷል። ከተክሏ ፊት ቆሟል፣ መሬቱ ተቆፍሯል። ከዚያ ዞሯል። አንድ እሾህ ላይ ግራጫ ነገር ተጣብቋል፤ ቆዳ ይሁን ጭቃ አልለየሁትም።

ባንቺአየሁ ፊቷ ቀልቶ «ያንቺን ለምን ተወው?» አለችኝ።

«ጽጌረዳ አይወድ ይሆናል።»

ቢያዝን ወጥቶ ዱካውን አየ። የወደቀውን ሰሌዳ አየ። አፉ ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሊስቅ ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝሁ። አልሳቀም። ምሳውን ግን ሳህኑን ጠርጎ በላ።


ነሐሴ 24

እንቡጥ የለም። ቅርንጫፉ እንደ ቀስት እየጎበጠ ጓሮውን አልፎ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

ለገበያ የምጠልፈው ጥልፍ እጄ ላይ አልሄድ አለኝ። ሦስት ጊዜ ፈታሁት።

ቀጋ ብትሆንስ? ሁለት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ደህና ናት ያልኋት ማን ነበረች?

አይደለችም። ጽጌረዳ ናት።


መስከረም 2፣ 1975

በዓል። ማዕበል ስለነበረ የእንግዶቹ ጀልባ በሩቁ አልፎ ሄደ። ኖራ የተቀባውን ድንጋይ ማንም አላየውም።

እንቡጥ አለ! ትንንሽ፣ በዘለላ በዘለላ። የሱ ጽጌረዳዎች እንቡጥ በየጫፉ ለየብቻ ነበር የሚወጣው። ይኼ ብዙ ነው። ቢበዛ ምን ይከፋል?

ክንዱ ልብሱ በስብሶ መጣና አየ። «እስቲ ይከፈት» አለ። ደክሞት ነበር።


መስከረም 26፣ የጽጌ ጾም መያዣ

ነጭ ናት።


ማታ

አምስት የአበባ ቅጠል ብቻ ያላት፣ እንደ ሲኒ ማስቀመጫ የተዘረጋች፣ መሐሏ ቢጫ። አንዷ ስትከፈት እስከ ቀትር ሁሉም ተከተሉ። ንቡ ይጮኻል። ጀሊላ ሽታው ሱቁ ድረስ ደረሰ ብላ መጥታ፣ አየችና፣ እጄን ጨብጣኝ ሄደች።

ቀጋ ናት። ልጅ ሆነን ፍሬዋን ለቅመን የበላናት ቀጋ።

ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ።

«ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጣሁበት ቀን። ቀዩዋን ያዳቀልሁት ቀጋ ላይ ነው። ላይኛዋ ስትደርቅ ሥሩ የራሱን አወጣ። አንቺ ያሳደግሽው ሥሩን ነው።»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«እዚያ ውስጥ» አለ፣ «እሑድ እሑድ ደህና ናት ስትይኝ፣ እኔ እስከሚቀጥለው እሑድ ደህና ነበርሁ። ተፈትቼ መጥቼ፣ ያቺማ ድሮ ሞታለች ልበልሽ?»

ከዚያ እንዲህ አለ፤ «ቀጋ ደግሞ የምታብበው ባለፈው ዓመት እንጨት ላይ ነው። አንቺ በየሐምሌው አበባዋን እየቆረጥሽ ነበር የምትጥይው። ዘንድሮ መቀሱን ባይወስዱብሽ ኖሮ…» ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰ ብዬ ደነገጥሁ። «ያስፈካት ክንዱ ነው፣ የሺ! ሄደን ማመስገን አለብን!»

እየሳቀ ነበር። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ አፌን በነጠላዬ ያዝሁ፣ ድምፄ ከቤት እንዳይወጣ። ኋላ ደግሞ ለምን እይዘዋለሁ ብዬ ለቀቅሁት።


ጥቅምት 7፣ እሑድ

የቀበሌ ስብሰባ። የቀረ ቅጣት አለበት። አዳራሹ ስላልበቃ በሩ ላይ ቆምን። በሩ ላይ ነጭ በተቀባ ጎማ ውስጥ ቀይ ጽጌረዳ አለ፤ ቢያዝን ሲታሰር ከእንግዳ ማረፊያው የተረፈውን ነቅለው ያመጡት ነው። እሱ ከአበባው አጠገብ ቆመ።

ክንዱ ያልተነቀሉ አጥሮች ብሎ አነበበ። አንድ ስም ብቻ ነበረ፤ የኔ። «ቀጋ መሆኑ ተረጋግጧል። ዘማቾቹ ከመኸር ሲመለሱ ይነቀላል።» ሰው ዞሮ አየኝ። እኔም አየኋቸው።

መፈክር ሲባል ቢያዝን ግራ እጁን ከሁሉም በላይ አነሣ፣ ከሁሉም በላይ ጮኸ። ከተፈታ ወዲህ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ፈርቶ ነው ብዬ ልቤ ተሰበረ።

ቤት ስንደርስ ከኮቱ ውስጥ በረጠበ መሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የቀይ ጽጌረዳ ቅርንጫፍ። ሰው ሁሉ የተነሣ እጁን ሲያይ፣ ቀኙ ሥራ ላይ ነበር።

«ሰረቅህ?» አልሁት።

«የተከልኋት እኔ ነኝ። ታውቀኛለች።»

ምላጭ አምጪ አለኝ፤ ከአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማም ቀጭን ላስቲክ ቀደደ። የምታቆጠቁጠውን ዓይን ከነልጧ ከቀዩዋ ላይ እንደሚላጥ ነገር አነሣ። ከዚያ ወደ ቀጋዋ ጎንበስ ብሎ ቆመ። አሠራሩን አውቃለሁ፤ ዓይኗ ስትይዝ ከላይ ያለው ሁሉ ይቆረጣል።

«ራሷን ልትቆርጥ ነው?» አልሁ።

«ቀይ እንድትሆንላቸው።»

«አይሆንም።» ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። «ሳላውቃት ያሳደግኋት እኔ ነኝ። አንተን እዚያ ደህና ያቆየችህ እሷ ናት። ጉማሬ የመለሰች እሷ ናት። ለኮሚቴ ብዬ ራሷን አላስቆርጥም።»

ቀና ብሎ አየኝ። እንዲህ ሲያየኝ ስንት ዓመት ሆነው?

«አንዲት ክንዷ ላይ ብቻ ባዳቅልስ?» አለ።

«አንዲት ክንድ።»

ልጡን ሰነጠቀ፣ ዓይኗን አስገባ፣ በላስቲኩ አሰረ።


ጥቅምት 28፣ አማኑኤል

ይዛለች። ከላስቲኩ ሥር እንደ ወፍ ምላስ ያለች ቀይ ቅጠል ብቅ ብላለች።

ሲመሽ ባንቺአየሁ በጓሮ መጣች፣ ሻሿን ዝቅ አድርጋ። «ከዚህ… ጥቂት ቅርንጫፍ ብትሰጭኝ። ለበጋው ጎመን ልዘራ ነበር።»

«ከጽጌረዳው ልስጥሽ ወይስ ከቀጋው?»

«አንቺ ደግሞ! ከሚዋጋው ስጭኝ!»

አንድ ሸክም ሰጠኋት። እጇን ወግቷት እየተራገመች ሄደች።

ዘማቾቹ ተመልሰዋል ይላሉ።


ኅዳር 3

መጡ። ክንዱ፣ ሁለት ሰው፣ ሁለት ዶማ።

«እንግዲህ አበባውንም አየነው፣ እትየ የሺ። ነጭ ነው፣ የዱር ነው። ቀጋ ነው።»

«ቀጋ ናት» አልሁ። «የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።»

ክርክር ነበር የጠበቀው መሰለኝ፤ ግራ ተጋባ። «እንግዲያውስ…»

«አትነቀልም ግን። አበባ ከሆነ ይቀራል አላልህም? ይኼ ከላይ እስከ ታች የፈካው ምንድን ነው? ሽንኩርት ነው?»

«መመሪያው የሚለው የአትክልት አበባ…»

ያን ጊዜ ቢያዝን ከበረንዳው ተነሣ። በሰው ፊት የራሱን ቃል ከተናገረ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ዶማ የያዙት እንኳ ጎማቸው እንደ ተነፈሰ ቆሙ።

«ጓድ ክንዱ፣ እስቲ ይህችን እያት።» ቅርንጫፉን ቀና አድርጎ ቀዩዋን ቅጠል አሳየው። «ጽጌረዳ ናት። ከቀበሌው በር ካለችው ያመጣኋት።»

አጥሩን ልይዝ ስል እሾሁ ወጋኝ።

«ማን ፈቀደልዎ?» አለ ክንዱ።

«ማንም። የአብዮቱ አበባ ናት፣ ቀጋው ላይ ተሳፍራለች። ሥራቸው አንድ ነው። ቀጋውን ብትነቅል እሷም ትሞታለች። ንቀል ካልኸኝ ዶማውን አምጣው፣ እኔው እነቅላለሁ። ብቻ የቀበሌው ጽጌረዳ እንዲነቀል ያዘዝሁ እኔ ነኝ ብለህ ጻፍልኝ። እኔ ለጎመን ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። ለጽጌረዳ ስንት እንደሆነ አላውቅም።»

ዶማ ከያዙት አንዱ ሳል ያዘው። ሳል አልነበረም።

ባንቺአየሁ በሽቦዋ ላይ አንገቷን አስግጋ ጮኸች። «ጓድ! ነቅላችሁ ስትሄዱ ጉማሬውን ማን ሊጠብቅ ነው? ወይስ የዘንድሮውንም የቀበሌ ጎመን ልናበላው ነው?»

ክንዱ ወረቀቱን አየ፣ ቢያዝንን አየ፣ እኔን አየ። ወጣት ነው፤ እንዲህ ቀርቤ አይቼው አላውቅም ነበር። «ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ በቀስታ።

«ያለውን» አልሁት። «ሁለቱንም ጻፍ።»

አንድ ነገር ጻፈና ወረቀቱን አጠፈ። ሲዞር እሾሁ እጅጌውን ያዘው። ሲስብ የባሰ ገባ።

«ወደፊት አትሂድ፣ ጓድ» አለው ቢያዝን። «ትቀደዳለህ። ትንሽ ወደ ኋላ ተመለስ።»

ተመለሰ። እኔ እጅጌውን አላቅቄ ሰደድሁት።


ኅዳር 4

ልብሳችንን ሳናወልቅ አደርን። ማንም በሩን አልመታም።


ኅዳር 6፣ ቁስቋም

የጽጌ መጨረሻ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሴቶች አበባ ለመኑኝ፣ ነጩን እቅፍ እቅፍ አድርጌ ሰጠሁ። የጣልሁት የለም፤ የቀረው ፍሬ ይሆናል፣ የጀሊላ ልጆች ከአሁኑ ድርሻ ተከፋፍለዋል።

ቀዩዋ ሁለተኛ ቅጠል አወጣች። ትኑር አትኑር ገና አይታወቅም። ቢያዝን ማለዳ ማለዳ እየወጣ ያያታል። አፈሩን በእጁ ነው የሚፈትሸው። ትናንት ለዓብደላ የክንዱን እጅጌ ሲተርክለት ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ «ቀስ በል» ልለው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ከሰዓት አንድ ልጅ እግር የመከርከሚያውን መቀስ አምጥቶ «ዘመቻው አልቋል» ብሎ ሰጠኝ። ዝጓል፣ አንዱ አፉ ተሸርፏል። ጠረግሁት፣ ዘይት ቀባሁት፣ በነበረበት ምስማር ላይ ሰቀልሁት።

ሐምሌ ሲመጣ እዚያው ይንጠልጠል። አልነካትም።